ላሟ ቆዳ ላይ ነገር ሲወጣ፦ መርፌ ከመግዛታችሁ በፊት

ጎንደርና ዙሪያው ከብት ያለው ሰው ይህን ያውቃል። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ ከብቱ ሣር ጠግቦ ወዝ ማውጣት ሲጀምር፣ አንድ ቀን በረት ስትገቡ ላሟ ቆዳ ላይ የሆነ ነገር ታያላችሁ። ጎረቤት ይሰበሰባል። አንዱ "ኦክሲ ይወጋ" ይላል፣ ሌላው "አይቨር ነው እንጂ" ይላል። ኦክሲ የሚሉት ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ነው፣ አይቨር ደግሞ አይቨርሜክቲን የተባለው የተባይ መድኃኒት። ሁለቱም ተገዝቶ ሁለቱም ይወጋል። ብሩ ያልቃል፣ በሽታው ግን እዚያው ነው።

ይህን የምጽፈው ደምቢያ፣ ወገራ፣ ጭልጋ ወይም ማክሰኚት ቤተሰቦቹ ከብት ላላቸው፣ አዘዞና ከተማው ውስጥም ሁለት ሦስት የወተት ላም ይዘው ለሚታገሉ ሰዎች ነው። የምለው አንድ ነገር ነው። የቆዳ በሽታ ብዙ ዓይነት ነው፤ አንዱን የሚያድን መድኃኒት ለሌላው ምንም አያደርግም። ስለዚህ መጀመሪያ በእጃችሁ ዳስሱና ለዩ።

መጀመሪያ፦ ብርሃን ላይ አውጥታችሁ ዳስሷት

በረት ውስጥ ሆኖ ቆዳ አይታይም። ጠዋት ፀሐይ ላይ አውጧት፣ ግንድ ላይ አጠር አድርጋችሁ እሰሯት፣ የምታውቀው ሰው ራሷን ይያዝላችሁ። ከአፍንጫዋ ጀምሩ። ዐይን ዙሪያ፣ ጆሮ ውስጥ፣ አንገት ስር የተንጠለጠለው ቆዳ፣ ሻኛ፣ ጀርባ፣ ሆድ ስር፣ ግት፣ በኋላ እግሮቿ መሀል፣ መጨረሻ ላይ ጭራዋን አንስታችሁ ስሩን እዩ። ጠጉሩን ወደ ኋላ እየገፋችሁ በጣታችሁ ጫፍ ሂዱ። ዐይን ያላየውን ጣት ያገኘዋል።

እየዳሰሳችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። እብጠት ነው ወይስ ቅርፊት? ታካለች ወይስ አታክም? ጠጉሩ ረግፏል ወይስ ተጣብቋል? እሷ ብቻ ናት ወይስ ሌሎቹም ጀምሯቸዋል? ነጩም ጥቁሩም ቆዳ ላይ ነው ወይስ ነጩ ላይ ብቻ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ከዚያ ሙቀቷን ለኩ። ከፋርማሲ የሚገዛው የሰው ቴርሞሜትር ይሠራል፣ ለከብት ብቻ ይሁን እንጂ። ጫፉን ቫዝሊን ቀብታችሁ በፊንጢጣዋ አስገቡና የአንጀቱን ግድግዳ እንዲነካ ትንሽ ዘንበል አድርጉት። እበት ውስጥ ከተሰካ ውሸት ነው የሚነግራችሁ። የጤነኛ ከብት ሙቀት ከ38 እስከ 39.3 ዲግሪ አካባቢ ነው። 40 ካለፈ ትኩሳት ነው፣ ነገሩ ከቆዳ በላይ ሆኗል ማለት ነው።

በመጨረሻ ከትከሻዋ አጥንት ፊት ለፊት፣ አንገቷ ከትከሻው የሚገናኝበት ቦታ ላይ፣ ጣታችሁን ጠለቅ አድርጋችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንሸራቱ። ንፍፊት ካበጠ በግልጽ ይነካል፤ አንዳንዴ ሳይነኩትም ከሩቅ ይታያል። ፎቶም አንሱ፣ አንድ ከቅርብ አንድ ከራቅ ብሎ። ሐኪሙን በስልክ ስታገኙት "የሆነ ነገር አውጥቶባታል" ከማለት በጣም ይሻላል።

ጉርብርብ፦ ትኩሳት ያለው ክብ እብጠት

በጣም የምፈራው ይህን ነው። ሰፋ አድርጌ የምጽፈውም ለዚህ ነው። ጉርብርብ የቫይረስ በሽታ ነው። በዓለም መጀመሪያ የታወቀው በፈረንጆቹ 1929 በዛምቢያ ሲሆን ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የታየው በፈረንጆቹ 1983 እዚሁ እኛ አካባቢ፣ ከጣና ደቡብ ምዕራብ በኩል ነው። ከዚያ ወዲህ አገሩን አዳርሷል።

ሲጀምር ላሟ ትተክዛለች፣ መኖ ትተዋለች፣ ወተቷ ድንገት ይወርዳል፣ ዐይኗና አፍንጫዋ ፈሳሽ ያወጣል፣ ሙቀቷ 40 እና 41 ይገባል። ከትንሽ ቀን በኋላ እብጠቶቹ ብቅ ይላሉ። ከግማሽ ሳንቲ ሜትር እስከ 5 ሳንቲ ሜትር የሚሆኑ፣ ክብ፣ ጠንካራ፣ ጠጉሩን ቀጥ አድርገው የሚያቆሙ ናቸው። አንዱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣታችሁ ያዙት። ቆዳው ላይ የተለጠፈ አይደለም፣ የቆዳውን ውፍረት ሙሉ ይዟል፤ ቆዳውን ስታንቀሳቅሱ አብሮ ይሄዳል። አንገት፣ ጀርባ፣ ግት፣ እግርና ብልት ዙሪያ ይበዛል፣ አፍና አፍንጫ ውስጥም ይወጣል። አፏ ውስጥ ካለ ምራቋ ይዝረበረባል። እግርና ደረቷም ሊያብጥ ይችላል።

ከዝንብ ንድፊያና ከአለርጂ የሚለየው እንዲህ ነው። የአለርጂው እብጠት በሰዓታት ውስጥ ይወጣል፣ ለስላሳ ነው፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይጠፋል፣ ንፍፊትም አያሳብጥም። ጉርብርብ አይጠፋም። መሀሉ ይሞትና ዙሪያው ይሰነጠቃል፣ በኋላ የሞተው ሥጋ ወድቆ ጉድጓድ ይተዋል። ያ ጉድጓድ ዝንብና ትል የሚገባበት፣ ቆዳውንም ለገበያ የሚያበላሸው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። ኦክሲም ፔኒሲሊንም አይገድሉትም። አንቲባዮቲክ የሚሰጠው ቁስሉን ተከትሎ የሚገባውን ሌላ ኢንፌክሽን ለመከላከል ነው፣ ያንንም ሐኪሙ አይቶ ይወስን። የእናንተ ሥራ ይህ ነው፦

ላሟን ያኔውኑ ከሌሎቹ ለዩ፣ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያም በዚያው ቀን ንገሩ። መንገር ግዴታችሁ ነው፣ ለጎረቤት ከብትም የምትደርሱለት በዚህ ነው። ጥላ ስር አድርጓት፣ ውሃ አጠገቧ ይሁን፣ አፏ ከቆሰለ ደረቅ ገለባ አትስጧት፣ ለስላሳ እርጥብ ሣር ወይም የራሰ ፉርሽካ ስጧት። እብጠቱን አትብጡ፣ አትተኩሱ። ብረት አግሎ መተኮስ የቆየ ልማድ ነው፣ ግን ቁስል ላይ ቁስል ከመጨመር ውጭ ጥቅም የለውም። እብጠቱ ራሱ ፈርጦ ጉድጓድ ሲተው አንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙታችሁ እጠቡት፣ አድርቁት፣ የቁስል ስፕሬይ ወይም ቤታዲን አድርጉበት። ዝንብ እስካለ ድረስ በየቀኑ እዩት።

ፎገራና ሌላው የአገር ከብት ብዙ ጊዜ ይቋቋመዋል፤ ዲቃላና የፈረንጅ ላም ላይ ግን ክንዱ ይበረታል። የሚሞተው ብዙ ጊዜ ከ10 በመቶ በታች ነው ተብሎ ሊያዘናጋን አይገባም። ላሟ ትጨነግፋለች፣ ወተቷ እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል፣ ኮርማው ማስረገዝ ሊያቅተው ይችላል፣ በሬው ደግሞ ለኅዳርና ለታኅሣሥ ውቂያ አይደርስም። ሰው ላይ ግን አይተላለፍም። ልጆቻችሁን አትከልክሉ፣ ወተቱን ግን እንደወትሮው አፍሉት።

ቅርፊት ያለው፣ ጠጉር አጣብቆ የሚያነሳው፦ ደርማቶፊሎሲስ

ደምቢያና ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ክረምት ሙሉ ውሃ በሚተኛበት ቦታ፣ ይህ ይበዛል። የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፤ የሚነሳው ቆዳው ለረጅም ጊዜ ሲርስ ነው። ያሸበረቀ ጀርባ ያለው ትልቁ መዥገር ሲጨመርበት ይብሳል።

መለያውን በእጃችሁ ታገኙታላችሁ። ጠጉሩ በትንሽ በትንሽ ተሰብስቦ ይጣበቃል፣ ጫፉ ይቆማል። አንዱን ነዶ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ጠጉሩ ከነቅርፊቱ ይነሳል፣ የቀለም ብሩሽ ይመስላል፤ ስሩ ላይ እርጥብ፣ ሮዝ፣ አንዳንዴ ቢጫ መግል ያለበት ቆዳ ይቀራል። ይህን ካያችሁ ብዙ መጠራጠር አያስፈልግም። ብዙውን ጊዜ አያሳክክም፣ ትኩሳትም የለውም። ጀርባ ላይ ከጀመረ ዝናቡ ነው፤ ግትና እግር መሀል ከጀመረ መዥገሩ ነው፤ እግር ላይ ከሆነ ረግረጉ ነው።

ለዚህኛው ኦክሲ ይሠራል። የረጅም ጊዜው፣ 20 በመቶ የሚለው፣ ለ10 ኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ሊትር ነው። ጡንቻ ውስጥ ጠለቅ ብሎ ይወጋል፣ አንድ ቦታ ላይ ሁሉንም አታስገቡ፣ ከፋፍላችሁ። ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን የተቀላቀለበትም ጥሩ ነው፤ እሱ ግን ለተከታታይ ቀናት ስለሆነ ባለሙያ ይስጠው። ነገር ግን መርፌው ብቻውን አያድንም። ከዝናብ አውጧት። ጠጉሩን ቁረጡ፣ ቅርፊቱን በሞቀ ውሃና ሳሙና አለስልሳችሁ አንሱት፣ አድርቃችሁ አዮዲን ቀቡት። ያነሳችሁትን ቅርፊት መሬት ላይ አትጣሉት፤ ጀርሙ እዚያ ውስጥ ነው ያለው፤ አቃጥሉት። ዳባትና ደባርቅ ያላችሁ ደግሞ በብርዱ ጠዋት አትጠቧት፣ ፀሐይ ሲሞቅ ጀምሩ።

እከክ፣ ቅማልና መዥገር

ላሟ ቋሚውን እየታከከች፣ ራሷን እየላሰች፣ መኖዋን ትታ የምትታገል ከሆነ ወደዚህ ኑ። እከክ የሚመጣው በዐይን ከማይታይ ተባይ ነው። ፊት፣ አንገትና ጭራ ስር ጠጉሩ ይረግፋል፣ ቆዳው ይወፍራል፣ ይታጠፋል፣ ይደማል። አንደኛው ዓይነት ደግሞ አያሳክክም፤ አንገትና ትከሻ ላይ ትንንሽ ፍሬ ብቻ ይሠራል፤ ሰው ከጉርብርብ ጋር ያምታታዋል፣ ግን ትኩሳትም ንፍፊትም የለውም። እርግጠኛ መሆን ከፈለጋችሁ ሐኪሙ ከቁስሉ ዳር በምላጭ ፍቆ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለበት ከተማ ውስጥ ሆነን በግምት መድኃኒት መግዛት ያሳዝነኛል።

ቅማልን ለማየት ጠጉሩን አንገትና ሻኛ ላይ ክፈቱ፤ ሲንቀሳቀስ ታዩታላችሁ፣ እንቁላሉም ጠጉሩ ላይ ተጣብቋል። የከሳ ከብትና ጥጃ ላይ ይበዛል፤ ስለዚህ መኖውንም አስቡበት።

ለእከክና ለደም መጣጭ ቅማል አይቨርሜክቲን ይሠራል። 1 በመቶ የሚለው ለ50 ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ነው፣ ከትከሻ ኋላ ቆዳውን ቆንጥጣችሁ ከቆዳ ስር ይወጋል፤ ጡንቻ ውስጥ አይደለም። ከ14 ቀን በኋላ ይደገማል። አብረው የሚያድሩት ሁሉ በአንድ ቀን ካልታከሙ ዋጋ የለውም፤ የታከመችው ካልታከመችው መልሳ ትይዛለች። የምትታለብ ላም ላይ ግን አትውጉት፣ ወተት ውስጥ ይገባል። ለእሷ ሌላ አማራጭ ሐኪሙን ጠይቁ።

መዥገርን በተመለከተ፣ ጥቂት ከሆነ በእጅ ንቀሉ፣ ቆዳው ድረስ ተጠግታችሁ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፣ አፉ ውስጥ እንዳይቀር። ብዙ ከሆነ ዲያዚኖን ወይም አሚትራዝ ይረጫል። መጠኑ እንደ ጥንካሬው ስለሚለያይ ጠርሙሱ ላይ ያለውን አንብቡ፣ በቡሽ ክዳን አትለኩ፣ በስሪንጅ ለኩ። ላሟ አስቀድማ ውሃ ትጠጣ። ቀትር ላይ አትርጩ። ጀርባዋን ብቻ አርጥቦ መተው አይጠቅምም፤ መዥገሩ ያለው ጆሮ ውስጥ፣ ግት ዙሪያ፣ ጭራ ስር ነው። ጓንት አድርጉ፣ ነፋሱን ጀርባ ስጡት። ፈረስ ያላችሁ አሚትራዝ እሱ ላይ እንዳትረጩ፣ አንጀቱን ያቆምበታል። ዲያዚኖን የተረጨ ከብት ምራቅ ከበዛበት፣ ከተንቀጠቀጠ ተመርዟል፤ በውሃና ሳሙና እያጠባችሁ ሐኪም ጥሩ። የተረፈውንና የታጠበውን ዕቃ መገጭም ሆነ አንገረብ ወንዝ ውስጥ እንዳትደፉት። ዓሣውም ንቡም ያልቃል፣ ታች ያለው ሰውም ያን ውሃ ይጠጣል።

ጥጃ ላይ ክብ ነጭ ቅርፊት፦ ጭርት

ዐይን ዙሪያ፣ ፊትና አንገት ላይ ክብ፣ ግራጫ ነጭ፣ ደረቅ ቅርፊት። ፈንገስ ነው። ኦክሲም አይቨርም ምንም አያደርጉለትም። በወራት ውስጥ ራሱ ይድናል፤ ለማፋጠን ቅርፊቱን በሳሙና ውሃ አለስልሳችሁ አንሱና አዮዲን ቀቡ፣ ጥጆቹን ከጨለማ ጋጣ ወደ ፀሐይ አውጡ። ጓንት አድርጉ፤ ሰው ላይ በቀላሉ ይተላለፋል፣ ጥጃ የሚያቅፉ ልጆች ክንድና አንገት ላይ ክብ ነገር ካያችሁ ከዚያ ነው የመጣው፣ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። እንጨቱ ላይም ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ጋጣውን ፍቃችሁ እጠቡ።

ኪንታሮትም እንዲሁ ወይፈንና ጊደር ላይ ይወጣል። ሻካራ ነው፣ ተንጠልጥሎ ያድጋል። ብዙው በራሱ ይረግፋል። አፍ ወይም ጡት ካልዘጋ ተዉት።

ነጩ ላይ ብቻ ከሆነ

ፎገራ ከብት ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ስለሆነ ይህን ለመለየት ያመቻል። ነጩ ቆዳ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ተሰነጣጥቆ እየተላጠ፣ ጥቁሩ ላይ ግን መስመር አስምሮ ደህና ከሆነ፣ ፀሐይ ነው ያቃጠላት። ፀሐይ ብቻዋን ግን አይደለችም፤ የበላችው መርዛማ ተክል ጉበቷን ጎድቶ ቆዳዋ ብርሃን እንዳይችል አድርጎታል። የወፍ ቆሎ አንዱ ነው፤ በድርቅ ጊዜ ሌላ ሲጠፋ ይበሉታል። ወዲያው ወደ ጥላ፣ የምትግጥበትን ቦታ ቀይሩ፣ ለጊዜው ማታና ማለዳ ብቻ ትውጣ። ዐይኗ ወይም ድዷ ቢጫ ከሆነ ጉበቷ ተጎድቷል፣ ሐኪም ሳትጠሩ አትደሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ታፋ ወይም ትከሻ ላይ ድንገት ያበጠ፣ ሲጫኑት ከውስጥ የሚንኮሻኮሽ፣ ከብቱንም የሚያነክስ ከሆነ የቆዳ ነገር አይደለም፣ አባ ጎርባ ነው። በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ዳሰሳውን ተዉና ስልክ ደውሉ።

ክብደቷን ሳትለኩ መድኃኒት አትስጡ

"ትልቅ ላም ናት፣ አሥር ሚሊ ይበቃታል" የሚባለው ነገር ነው መድኃኒቱን ዋጋ የሚያሳጣው። የልብስ ሰፊ ሜትር ውሰዱ። ከፊት እግሯ ኋላ ደረቷን ዙሩና በሳንቲ ሜትር ያዙት። ከትከሻዋ ነጥብ እስከ ቂጧ አጥንት ርዝመቷን ለኩ። የደረቱን ዙር በራሱ አባዙ፣ በርዝመቱ አባዙ፣ ለ10,840 አካፍሉ። ዙሩ 150፣ ርዝመቱ 120 ከሆነ 250 ኪሎ ገደማ ናት። አይቨር 5 ሚሊ፣ የረጅም ጊዜ ኦክሲ 25 ሚሊ ማለት ነው። በግምት 10 ሚሊ ኦክሲ የተሰጣት ላም ግማሹን እንኳ አላገኘችም፤ ጀርሙ ይለማመደዋል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሙሉውም ላይሠራ ይችላል።

ከተወጋች በኋላ ደግሞ ወተቱና ሥጋው የሚጠበቅበት ቀን አለ። 20 በመቶው ኦክሲ አብዛኛውን ጊዜ ለወተት 7 ቀን፣ ለሥጋ 28 ቀን ይላል፤ የያዛችሁት ጠርሙስ የሚለውን ተከተሉ። ጥሬ ሥጋ የምንበላ ሰዎች ነን፣ ለፋሲካ የሚታረድ በሬ ሁዳዴ መጨረሻ ላይ መወጋት የለበትም። አጣዳፊ ያልሆነ ሕክምና ካለ ግን ወተት ገዢ በሚቀንስበት በጾሙ ወራት ማድረግ ለኪስ ይቀላል።

ሻንጣ ይዞ ገበያ ለገበያ የሚዞር ወጊ አታስገቡ። በአንድ መርፌ የመንደሩን ከብት ሁሉ ይወጋል፤ ጉርብርብን ከበረት በረት የሚያዞረው አንዱ መንገድ ይኸው ነው። ላምባ፣ የተቃጠለ የመኪና ዘይት፣ የሰብል ፀረ ተባይም ቆዳ ላይ አይቀባም። ያቃጥላል፣ ይመርዛል።

ከመስከረም በፊት

ለጉርብርብ ክትባት አለ፤ ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርተዋል። በሽታው የሚበዛው ዝናቡ አቁሞ ዝንብና ቢምቢ ሲፈላ ነው፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር። ክትባቱ ደግሞ ሰውነት ውስጥ እስኪሠራ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ቀበሌውን ጠይቁ፣ መንደሩን አስተባብሩ፣ አንድ ጠርሙስ ለብዙ ከብት ስለሆነ ተሰብስባችሁ ብትመጡ ለባለሙያውም ይመቻል። በበረዶ ሣጥን መምጣቱን እዩ። ከተበጠበጠ በኋላ ቶሎ ማለቅ አለበት፣ ሰዓት ያለፈበት ተመላሽ እንጂ ለእናንተ ከብት አይደለም። ለእያንዳንዱ ከብት መርፌ እንዲቀየር ያለ ሐፍረት ጠይቁ። የተወጋበት ቦታ ትንሽ ቢያብጥ አትደንግጡ። የታመመችውን አታስከትቡ። በየዓመቱ ይደገም።

ከገበያ የገዛችሁትን፣ ወይም ከመተማና ከቋራ ቆላ የመጣውን ከብት፣ 28 ቀን ለብቻ አሳድሩት፤ ጉርብርብ ሳይታይ ሊቆይ የሚችለው እስከዚያ ድረስ ነው። ማታ ማታ በረት አፍ ላይ ኩበት ማጨስ አባቶቻችን የሚያደርጉት ነው፣ ዝንብና ቢምቢን ይቀንሳል፣ ቀጥሉበት። እበቱን ከበረት በየቀኑ አውጡ፣ የሚናከሰው ዝንብ የሚራባው እበትና እርጥብ ገለባ ውስጥ ነው። በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ደግሞ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሊሆን ይችላል፣ ሁሉንም ከአፍንጫ እስከ ጭራ ስር ዳስሷቸው።